ሦስት ክንድ አልጋ

በአዲስ አበባ እምብርት ያደገ ሰው ማደሪያ ሲፈልግ «ክፍል አለ?» ብሎ አይጠይቅም፤ «አልጋ አለ?» ነው የሚለው። ከፒያሳ እስከ ለገሃር ባሉት ፔንሲዮኖች እንግዳ ተቀባዩም የሚመልሰው በዚያው ቃል ነው፤ አልጋ አለ፣ አልጋ ሞልቷል፣ አልጋው ይህን ያህል ብር ነው። «አልጋ ይዣለሁ» ያለ ሰው ክፍሉን፣ ቁልፉን፣ መታጠቢያውንና የሌሊቱን ሰላም ሁሉ በአንድ ቃል ጠቅልሎ መናገሩ ነው። ቃሉ በቋንቋችን ክብደት አለው። ዙፋን አልጋ ይባላል፣ ንጉሥን የሚተካው ልጅ አልጋ ወራሽ ነው፣ ያለ እንቅፋት የተከናወነ ነገርም አልጋ በአልጋ ሆነ እንላለን። ወደ ውጭ አገር ስንሄድ የምንሳሳተው ግን ከዚሁ የተነሳ ይመስለኛል፤ ክፍሉንና አልጋውን በአንድ ስም የሚጠራ ሰው፣ ክፍሉ ሌላ ስም፣ አልጋው ደግሞ ሌላ ስም ያለው አገር ሲደርስ፣ የቱ ስም የየትኛው እንደሆነ ለመለየት ይቸገራል።

እናቴን ለጉልበቷ ሕክምና ወደ ባንኮክ ይዣት የሄድኩት በ2009 ዓ.ም. ነበር። ያኔ ካዛንቺስ አካባቢ በሚገኝ መሥሪያ ቤት በሒሳብ ክፍል ውስጥ እሠራ ስለነበር የጉዞ ነገር ብዙም አላውቅም። ስለ ቪዛው፣ ስለ ሐኪም ቀጠሮውና ስለ ምንዛሪው ከሁለት ወር በላይ ስሮጥ ቆይቼ ሆቴሉን የያዝኩት በመጨረሻው ሳምንት፣ አንድ ምሽት ከሥራ በኋላ በስልኬ ነው። ሲንግል፣ ደብል፣ ትዊን የሚሉ ሦስት ምርጫዎች ቀረቡልኝ። እኛ ዘንድ ደብል ማለት እጥፍ ማለት ነው፤ ደብል የተባለ ነገር ሁሉ አንዱ ሁለት የሆነበት ነው። ሁለት ሰዎች ነን፣ ሁለት አልጋ ያስፈልገናል፣ እንግዲህ ደብል ነው ብዬ ያዝኩ፣ ከፈልኩም። የያዝኩት ዋጋ ቢሰረዝ የማይመለስ ነበር፤ ቅናሽ ስላለው የመረጥኩት ይህንኑ ነው።

እናቴ ከሆስፒታል በወጣችበት ቀን ጉልበቷ በፋሻ እንደተጠቀለለ፣ በአንድ እጇ ክራንች፣ በሌላው ትከሻዬን ይዛ ወደ ክፍሉ ገባን። መካከል ላይ ነጭ አንሶላ የለበሰ አንድ አልጋ ብቻ ተዘርግቷል። ሐኪሙ እግሯን በትራስ ከፍ አድርጋ፣ ቀጥ ብላ፣ ማንም ሳይነካት እንድትተኛ አዟታል። እናቴ ምንም አላለችም፤ ከአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፣ ከዚያ ቀኝ እጇን ከክርኗ እስከ መሐል ጣቷ ጫፍ ዘርግታ አልጋውን ከአንዱ ዳር እስከ ሌላው ለካችው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። «ሦስት ክንድ ነው ልጄ» አለችኝ። «ለዚህ እግርና ለአንቺ አይበቃም። አንቺ ደግሞ ከልጅነትሽ ጀምሮ ስትተኚ ትንፈራገጫለሽ።»

ወደ እንግዳ መቀበያው ወርጄ የከፈልኩት ለሁለት አልጋ እንደሆነ ለማስረዳት ሞከርኩ። እዚያ የነበረችው ወጣት እንግሊዝኛዋም እንግሊዝኛዬም ያላግባባን መሆኑን ስታይ ወረቀት ሳበችና ሁለት ሥዕል ሣለች። በአንደኛው አንድ ሰፊ አራት ማዕዘን ነበር፣ በላዩ ላይ ሁለት ትራሶች፤ ከሥሩ ደብል ብላ ጻፈች። በሁለተኛው ሁለት ጠባብ አራት ማዕዘኖች ጎን ለጎን ነበሩ፣ መካከላቸው ክፍተት፣ በእያንዳንዳቸው ላይ አንድ አንድ ትራስ፤ ከሥሩ ትዊን አለች። የምፈልገውን በጣቴ አሳየኋት። እሷም ኮምፒዩተሯን አይታ ትዊን የሚባሉት ክፍሎች በሙሉ እስከ ሦስት ቀን የተያዙ መሆናቸውን በጣቶቿ ቆጥራ ነገረችኝ። ሦስቱን ሌሊት ወለል ላይ፣ በታጠፈ ብርድ ልብስ ላይ አደርኩ። የእኔ መተኛት ምንም አልነበረም፤ ልቤን የነካው እናቴ በሕመሟ ላይ የእኔ ጭንቀት ተጨምሮባት ሌሊት ሌሊት እየነቃች «ወለሉ አልቀዘቀዘሽም?» እያለች መጠየቋ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዚያው መሥሪያ ቤት ወደ ጉዞ ጉዳዮች ተዛወርኩ። አሁን የሥራ ባልደረቦቼን ለስብሰባ፣ ለሥልጠናና ለሕክምና ወደ ልዩ ልዩ አገሮች ስሸኝ የማየው አብዛኛው ችግር የእኔው ያ የመጀመሪያ ስሕተት ነው። ስለዚህ የተማርኩትን ሁሉ በአንድ ቦታ ለመጻፍ ፈለግሁ።

ከሁሉ በፊት መለየት ያለበት ስሙ የሚቆጥረው ምን እንደሆነ ነው። ሲንግል፣ ደብል፣ ትሪፕል፣ ኳድ የሚሉት የክፍል ስሞች በመሠረቱ የሚቆጥሩት ሰው ነው፤ ክፍሉ ለአንድ፣ ለሁለት፣ ለሦስት፣ ለአራት ሰው ነው ማለታቸው ነው እንጂ የአልጋ ቁጥር እየነገሩን አይደለም። ለሁለት ሰው የተባለው ክፍል ደግሞ በብዙ አገር ለባልና ሚስት ታስቦ አንድ ሰፊ አልጋ የሚዘረጋበት ነው። ትዊን የሚለው ግን አልጋ ይቆጥራል፤ መንታ እንደማለት ነውና ሁለት ነጠላ አልጋዎች ማለት ነው። ኩዊንና ኪንግ ደግሞ ሰውም ክፍልም አይቆጥሩም፤ የአንዱን አልጋ ስፋት ነው የሚናገሩት። ሰው የሚቆጥር፣ አልጋ የሚቆጥርና ስፋት የሚለካ ስም በአንድ ዝርዝር ውስጥ ተደባልቀው ሲቀርቡ ሰው ቢደናገር አያስገርምም።

ነገሩን የሚያከብደው ስሞቹ ከአገር አገር መለያየታቸው ነው። ትዊን በእንግሊዝ አገር ሁለት አልጋ ያለበት ክፍል ሲሆን፣ በአሜሪካ የአልጋ መደብር ግን ትዊን የሚባለው 97 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው አንድ ጠባብ አልጋ ነው። ኪንግ በእንግሊዝ 150 ሳንቲ ሜትር ነው፤ አሜሪካኖች ይህንኑ የሚያህለውን፣ 152 ሳንቲ ሜትር የሆነውን አልጋ ኩዊን ብለው ይጠሩታል፤ የእነሱ ኪንግ 193 ሳንቲ ሜትር ነው። አንዱ አልጋ ለንደን ላይ ንጉሥ፣ ዋሽንግተን ላይ ንግሥት መሆኑ ነው። በሌላ በኩል የአሜሪካ ሆቴሎች አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ሰፋፊ አልጋዎችን ስለሚያደርጉ፣ ዋሽንግተን አካባቢ ላለ ዘመድ ሠርግ አብረው የሚሄዱ ሦስት ወይም አራት እህትማማቾች ሁለት ክፍል ለመያዝ መገደድ የለባቸውም፤ ሁለት ኩዊን ወይም ሁለት ደብል የሚል ክፍል ቢፈልጉ አንዱ ይበቃቸዋል።

ጀርመን አገር ለሥልጠና የላክናቸው ሁለት ባልደረቦች ስለ አልጋቸው የነገሩኝ ደግሞ ሌላ ነበር። ለባልና ሚስት የሚሆነው የጀርመን አልጋ ብዙ ጊዜ ከውጭ አንድ ሲሆን በውስጡ ሁለት ለየብቻ የሆኑ ፍራሾች ይዟል፤ በላዩም ለየራሱ የታጠፈ ሁለት ብርድ ልብስ ይቀመጣል። እንግዳ ሰው ሲያየው ሁለቱ አልጋዎች ተገፍተው የተጠጋጉ ይመስለዋል። እነዚህ አልጋዎች በአንድ ክፈፍ ውስጥ ስለሆኑ አይነጣጠሉም። ሁለት ወንድ ባልደረቦች በዚህ ዓይነት ክፍል ማደር ቢከብዳቸው፣ የተለያዩ አልጋዎች እንደሚፈልጉ በግልጽ ቃል ካልጻፉ በቀር ሆቴሉን መውቀስ አይችሉም። በቻይና ነገሩ ይገለበጣል፤ ለዕቃ ግዢ ወደ ጓንዡ የሚመላለሱ ነጋዴዎቻችን እንደሚያውቁት፣ እዚያ መደበኛ ክፍል የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት አልጋ ያለበት ነው፤ አንድ ሰፊ አልጋ የሚፈልግ ሰው ነው «ትልቅ አልጋ ክፍል» ብሎ ለይቶ የሚጠይቀው። ወደ መካ ለዑምራ የሚሄዱ ወገኖቻችን ደግሞ በጉዞ ጥቅሉ ላይ ኳድ፣ ትሪፕልና ደብል የሚል የዋጋ ዝርዝር ይሰጣቸዋል። እዚያ ላይ የተጻፈው ዋጋ የአንድ ሰው ነው እንጂ የክፍሉ አይደለም፤ ክፍሉን የሚጋራው ሰው በበዛ ቁጥር ዋጋው ይቀንሳል።

በጃፓን ሴሚ ደብል የሚሉት አልጋ አለ፤ ስፋቱ 120 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን ለአንድ ሰውም ለሁለት ሰውም ይከራያል። ይህን ቁጥር ሳነብ ወዲያው የታየኝ የሰፈራችን አናጢ ነው። እኛ አልጋ ስናሠራ ንጉሥ ንግሥት አንልም። አናጢው ሜትሩን ከኪሱ አውጥቶ ይዘረጋና «ሜትር ከሃያ ይሁን ወይስ ሜትር ከሃምሳ?» ይላል፤ ቤቱ ሰፊ ከሆነ «ሜትር ከሰማንያ» ይጨምራል። ማንም የአዲስ አበባ ሰው ሜትር ከሃያ አልጋ ለአንድ ሰው የተመቸ፣ ለሁለት ግን የተጣበበ መሆኑን ያውቃል፤ ፍራሽ ሊገዛ ሲሄድም፣ አንሶላ ሲያስሰፋም የሚናገረው ይህንኑ ቁጥር ነው። በእኔ እምነት ይህ የአናጢዎቻችን አነጋገር ከሆቴሎቹ ስሞች ሁሉ የተሻለ ነው፤ ቁጥሩ ለንደንም ቶኪዮም ያው ነውና። በክፍሉ ዝርዝር መግለጫ ውስጥ የአልጋው ስፋት በሳንቲ ሜትር የተጻፈ ከሆነ ስሙን ትተው ቁጥሩን ያንብቡ፤ ሜትር ከሃያ ነው? ሜትር ከሃምሳ ነው? ብለው ቤትዎ ካለው አልጋ ጋር ያስተያዩት። ካልተጻፈ ለሆቴሉ አጭር መልእክት ልከው ይጠይቁ። ያ እናቴ የለካችው የባንኮክ አልጋ፣ ታይላንዶች ፍራሽን በጫማ ስለሚለኩ በእነሱ አቆጣጠር ባለ 5 ጫማ፣ በእኛ ሜትር ከሃምሳ ነበር። አስቀድሜ ይህን ቁጥር ባነብ ኖሮ አንድ አልጋ መሆኑን ከስሙ በተሻለ እረዳ ነበር።

ሰው በጣም የሚዘነጋው ሌላው ነገር በምርጫ ሳጥን ውስጥ የሚሞላው የአልጋ ጥያቄ ነው። ብዙ ሆቴሎች «ደብል ወይም ትዊን» ብለው አንድ ክፍል በአንድ ዋጋ ያቀርቡና የቱን እንደሚመርጡ ይጠይቃሉ። ምርጫውን የሞላ ሰው ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ከሥሩ በትንንሽ ፊደል፣ ጥያቄው የሚፈጸመው ክፍሉ ከተገኘ ነው የሚል ይጻፋል። ያ ጥያቄ እንጂ ውል አይደለም። ለታመመ ሰው፣ ለአረጋዊ፣ ወይም ዝምድና ለሌላቸው ሁለት ተጓዦች ሲሆን በጥያቄ ላይ መተማመን ተገቢ አይደለም፤ በስሙ ትዊን ተብሎ ለብቻው የሚሸጠውን ክፍል መያዝ፣ ከዚያም ሆቴሉ ሁለት የተለያዩ አልጋዎች መሆናቸውን በጽሑፍ እንዲያረጋግጥ ማድረግ ይሻላል። እኔ አሁን ለማንም ተጓዥ ይህን መልስ አትሜ ከቲኬቱ ጋር አያይዤ እሰጣለሁ።

ሱፒሪየር፣ ደሉክስ፣ ፕሪሚየም የሚሉትን ስሞች በተመለከተ ብዙ መጻፍ አያስፈልግም፤ የጋራ ትርጉም የላቸውም፤ እያንዳንዱ ሆቴል የራሱን ክፍሎች ከራሱ ጋር የሚያወዳድርባቸው ናቸው። ስዊት የሚባለው ከመኝታው የተለየ የእንግዳ ማረፊያ ያለው ነው፣ ጁኒየር ስዊት ግን ብዙ ጊዜ ሁለቱም በአንድ ክፍል ውስጥ ናቸው። ለቤተሰብ የሚጠቅመው ሌላ ልዩነት ነው፤ ልጆቹን በአንዱ፣ ራሱን በሌላው ክፍል ማሳደር የሚፈልግ ወላጅ፣ ክፍሎቹ ጎን ለጎን ብቻ ናቸው ወይስ መካከላቸው የሚከፈት በር አለ ብሎ መጠየቅ አለበት። ጎረቤት ክፍል ማለት ሌሊት ልጅ ሲያለቅስ ወደ ኮሪደር ወጥቶ ማንኳኳት ነው፤ የውስጥ በር ካለው ግን ቤት ውስጥ እንዳሉ ያህል ነው።

ለታማሚ ግን ከአልጋው እኩል መታጠቢያውን መጠየቅ ያስፈልጋል። ባንኮክ ላይ መታጠቢያው ጠርዙ ከፍ ያለ ገንዳ ነበር፤ እናቴ እግሯን አንሥታ መሻገር ስላልቻለች ፕላስቲክ ወንበር ለምኜ፣ ከገንዳው ውጭ አስቀምጬ በሣፋ አጠብኳት። የቆመ ሻወር ያለው፣ ደፍ የሌለው መታጠቢያ ብዬ ብጠይቅ ኖሮ ምናልባት ይገኝ ነበር። የአልጋው ከፍታም እንደዚሁ ነው፤ በጣም ዝቅ ያለ አልጋ ጉልበቱን ለታመመ ሰው ለመነሣት ይከብዳል።

ስለ ሰዓትና ስለ ቀን ሳልጽፍ ብቀር ግን ጽሑፉ ይጎድላል። የአብዛኞቹ ሆቴሎች መግቢያ 14:00 ወይም 15:00 ነው፤ በእኛ ከቀኑ 8 ወይም 9 ሰዓት ማለት ነው። መውጫው ብዙ ጊዜ 12:00 ይሆናል፤ ይህም ቀትር 6 ሰዓት ነው እንጂ ምሽት 12 ሰዓት አይደለም። ይህን የሚያውቅ ሰው እንኳ በሌሊት በረራ ይሳሳታል። አራት ኪሎ ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት ነጋዴ ወደ ዱባይ ሲሄዱ አውሮፕላናቸው የሚያርፈው በቲኬቱ ላይ ቅዳሜ 01:00 ተብሎ ነበር። እሳቸውም ቲኬቱ ቅዳሜ ስላለ ሆቴሉን ከቅዳሜ ጀምሮ ያዙ። ሲደርሱ ክፍላቸው የሚለቀቀው በ15:00 መሆኑ ተነገራቸውና ሻንጣቸውን እግራቸው ሥር አድርገው አሥራ አራት ሰዓት እንግዳ መቀበያው ውስጥ ተቀምጠው ቆዩ። ሲመለሱ «ልጄ፣ እኔ ያጠፋሁት ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ያረፉት በእኛ አነጋገር ከሌሊቱ 7 ሰዓት፣ ለቅዳሜ አጥቢያ ነው። ሌሊቱ ገና የዓርብ ሌሊት ነው፤ ሆቴሉም ሌሊቱን የሚያስከፍለው በዓርብ ስም ነው። መያዝ የነበረባቸው ከዓርብ ጀምሮ ነበር፤ ደግሞም ሌሊት እንደሚደርሱ አስቀድመው መንገር፣ አለበለዚያ አልመጡም ተብሎ ክፍሉ ለሌላ ሊሰጥ ይችላል። ነገሩን ሳስረዳቸው ጥቂት አሰቡና «እኔስ ለቅዳሜ አጥቢያ ብዬ ነበር ለልጆቼ የነገርኳቸው» አሉኝ። ቲኬቱን ትተው በራሳቸው አፍ የተናገሩትን ቢከተሉ ትክክል ይሆኑ ነበር።

እናቴን ለክትትል ሕክምና እንደገና ወደ ባንኮክ የወሰድኳት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። በዚህኛው ጊዜ ሆቴሉን የያዝኩት ከወር በፊት ነው፤ ትዊን ብዬ፣ የቆመ ሻወር ብዬ፣ የምንደርስበትን ሌሊት በትክክል ቆጥሬ፣ የአልጋዎቹን ስፋት ጠይቄ። በሩን ስከፍት ሁለቱ አልጋዎች ጎን ለጎን፣ መካከላቸው ትንሽ ጠረጴዛ ከነመብራቷ ቆማ፣ ልክ ያቺ ወጣት ወረቀት ላይ እንደሣለቻቸው ሆነው ጠበቁን። እናቴ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ በመስኮቱ በኩል ያለው አልጋ ላይ አኖረችና እጇን ዘረጋች። አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያም መዳፏን ጨመረች። ተነሥታ የእኔንም ለካችው። «እኩል ናቸው» አለችኝና ጫማዋን ማውለቅ ጀመረች።